ሳፋ ውስጥ የታየ ግርዶሽ

በሰባ ሁለት የካቲት፣ ፀሐይ በተጋረደችበት ቀን፣ እትዬ ሠርካዲስ ጉለሌ ግቢያችን መሃል ሳፋ ሙሉ ውሃ አኖሩ። ግርዶሽ ቀና ተብሎ አይታይም፣ ዓይን ያጠፋል፤ የሚታየው ውሃ ውስጥ ነው። ጎረቤቶች ሁሉ ነጭ ነጠላችንን እንደለበስን ከበብነው።

እትዬ ልጃቸው ጉልላት በቀይ ሽብር ሲገደል ቀበሌው ጥቁር እንዳይለብሱ፣ እንዳያለቅሱም ከልክሏቸው ነበር። አንጀታቸው እያረረ ነጭ ለብሰው ኖሩ።

ፀሐይዋ ተገምጣ እንጦጦ ሲደበዝዝ ወደ ውሃው አጎነበስን። ውሃው ውስጥ የእትዬ ነጠላ ጥቁር ነው። ቀና ብለን አየናቸው፤ ነጭ ለብሰዋል። የእኛም ነጠላ እንደዚያው፤ ውሃው ውስጥ ጥቁር፣ ላያችን ላይ ነጭ።

አብዮት ጥበቃው መሸሻ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባና ሳፋውን አየ።

«ማነው ጥቁር የፈቀደልሽ? አውልቂ!»

«የለበስኩት ነጭ ነው» አሉ እትዬ። «ዓይንህን ከውሃው ላይ አንሳና እየኝ።»

መሸሻ ቀና አላለም። ሳፋውን በእርግጫ ደፋው። ውሃው ፈሶ ሳያልቅ ፀሐይዋ ወጣች፣ ግቢው ቦግ አለ።

ሁላችንም ጥቁር ለብሰን ቆመናል። የመሸሻ ካኪ እንኳ ከአንገትጌው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል።

እትዬ ሠርካዲስ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቁ።

«በል እንግዲህ» አሉት፤ «መጀመሪያ አንተ አውልቅ።»