ያላበበችው አዛሊያ

ለተክርስቶስ ማለዳ ለኪዳን ወደ ሥላሴ ስትወጣ፣ ባሏ ወልደገብርኤል የግቢው በር እስኪዘጋ ይጠብቅና ወደ ጓሮ ይዞራል። ውቤ በረሃ ካለው አሮጌ ቤታቸው ጀርባ፣ የጎረቤት ፎቅ ፀሐይ በከለለበት ጥግ፣ ቁመቷ ከጉልበት የማያልፍ አዛሊያ የምትባል የአበባ ተክል አለች። ቅጠሏ ክረምት ከበጋ አይረግፍም። ወልደገብርኤል ጎንበስ ብሎ እምቡጦቿን እየቀነጠሰ ኪሱ ይከታል።

አዛሊያዋን የተከላት አንድ ልጃቸው ተስፋልደት ነው። «ጥላ ትወዳለች፤ ውኃ ግን እንዳይተኛባት» ብሎ ለእናቱ አስረክቦ፣ ለአጎቱ ለቅሶ መቀሌ እንደሄደ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋበት። ስልክ ከመቋረጡ በፊት የተናገረው የመጨረሻ ቃል፣ «እማ፣ አትጨነቂ፤ አዛሊያዋ ስታብብ እመጣለሁ» የሚል ነበር።

መንገዱ ሲከፈት የመጣው ግን የአክስቱ ልጅ መድኃኔ ነው። ወልደገብርኤል ሰዓት ከሚጠግንባት ከፒያሳዋ ሱቅ ገብቶ የልጁን መርዶ ነገረው። ወልደገብርኤል የሰዓት መወልወያውን ጨርቅ አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ አለቀሰ።

«ለእሷ አትንገራት» አለ ሲወጣለት። «ልቧ ደካማ ነው። እኔ ቀን አይቼ እነግራታለሁ።»

መድኃኔ ዓይኑን እያሸሸ ተሰናበተው።

ቀኑ አልመጣም። በዚያው ሰሞን አዛሊያዋ እምቡጥ ያዘች። አብባ ልጁ ሳይመጣ ቢቀር ምን ሊላት ነው? ወልደገብርኤል የመጀመሪያዎቹን እምቡጦች የቀነጠሰው ያኔ ነው።

«ዘንድሮም እምቢ አለች?» ይላታል ምሳ ላይ።

«እምቢ አለች። ጥላው በዝቶባት ይሆናል።»

«ትንሽ እንታገሳት፣ ለተይ።»

«እንታገሳታለን እንጂ! የት እንሄዳለን?»

ለተክርስቶስ ሥሯ እንዳይደርቅ የጥድ ቅጠል ታለብሳታለች፤ ውኃ በጣሳ እየለካች ታጠጣታለች። የልጇን ስልክ መሞከር ከተወች ቆይታለች። መታከቷ ነው፣ ይላል ወልደገብርኤል። አንዳንድ ጠዋት ትናንት ያያቸውን እምቡጦች ያጣቸዋል። «ወፎቹም አዝነው ለቀሙልኝ» ብሎ ይመለሳል።

እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። ልጁ ያለ ፍትሐት መቅረቱ ግን አንጀቱን በላው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሱቅ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ፣ አፍንጮ በር ወደሚኖሩት ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደ።

«አባ፣ ተስፋልደት ከሞተ ቆይቷል» አላቸው፣ ገና ሳይቀመጥ። «ከእናቱ ደብቄ ነው የከረምኩት። ፍትሐት እንኳ አላስደረግሁለትም። እባክዎ በስውር ያድርሱልኝ። እሷ እንዳትሰማ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ፍትሐቱ አምና ደርሷል፣ ልጄ» አሉት። «‹ወልደገብርኤል እንዳይሰማብኝ፤ ልቡ አይችለውም› ብላ፣ እግሬ ላይ ወድቃ ያስደረገችው ለተክርስቶስ ናት።»