ሦስተኛው ሌባ

ኤልፍነሽ ዓይኗን ጨፍናለች። ከፊቷ፣ ቤት በሚያህለው ሸራ ላይ፣ ልጇ መሳይ ሽጉጥ ይዞ ባንክ እየገባ ነው። መሳይ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ ፈንዲሻ ይበላል።

«እማ፣ ግለጪ እንጂ። ኮሜዲ'ኮ ነው።»

«ይገድሉሃል?»

«ማን ይገድለኛል?»

«እኔ ምን አውቄ! ሌባን ምን ያደርጉታል? በሞት መቀለድ ሟርት ነው፣ መሳይ።»

ፈረንሳዊ ፊልም ሠሪዎች እነሱ ወደሚኖሩበት ሮተርዳም መጥተው ሲቀርጹ ነው መሳይን ያገኙት። ከዚያ ወዲህ የነርስነት ትምህርቴን ትቼ ተዋናይ ልሁን ይላል። ሦስት ወር ሙሉ ተጨቃጨቁ። ዛሬ ከሰፈራቸው ከዴልፍስሃቨን ሲመጡ፣ ትራም ውስጥ፣ «ፊልሙን አይተሽ ተው ካልሽኝ፣ ማርያምን፣ ትወናውን እተዋለሁ» አላት። እሷም «ተው» የምትለዋን ቃል ምላሷ ላይ አዘጋጅታ ገባች። ነገ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚሏት ከወዲሁ ይሰማታል፦ «ባንክ የዘረፈው ያንቺ ልጅ ነው አሉ?»

ሰው ሲስቅ ትሰማለች። አንድ ዓይኗን ትገልጣለች።

አዳራሹ ባሕር ውስጥ ያለ ይመስላል። ሰማያዊው ብርሃን በሰዉ ፊት ላይ ቀስ እያለ ይፈሳል። ሦስቱ ሌቦች ዝርፊያ አያውቁበትም፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተራ ቁጥር ወስደው፣ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሦስተኛው የእሷ ነው። ሙቀቱ ቢያስጨንቀው ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎታል።

የባንኩ በር ይከፈታል። አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ይገባሉ። ባዶ ወንበር የለም። ሦስተኛው ሌባ ብድግ ይላል። ሽጉጡን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ወንበሩን ያሳያቸዋል።

አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ኤልፍነሽ አጠገቧ የተቀመጠውን የመሳይን ክንድ ትጨብጣለች።

«ምን አጥፍተህ ነው የሚስቁብህ?»

«ምንም» ይላል መሳይ በሹክሹክታ። «ይሄ ጽሑፉ ላይ አልነበረም። ሴትየዋ ሲገቡ ሳላስበው ተነሳሁ። ዳይሬክተሩ ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ወደደው።»

ሁለተኛው ዓይኗም ተገልጧል። አሮጊቷ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተደላድለዋል። ልጇ ከጎናቸው ፎቅ አክሎ፣ እጁን አጣምሮ፣ እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑ ጥግ እንደሚቆመው ቆሟል። ለአፍታ እዚያ የተቀመጠችው እሷው ራሷ ትመስላታለች። ወንበሩ ከልጇ ገላ የቀረ ሙቀት አለው።

«እማ።» ድምፁ ቀጥኗል። «ልተወው?»

«እስቲ ዝም በል» ትለዋለች፣ ዓይኗን ከሸራው ሳትነቅል። «ልጄን ልይበት።»