የቅዳሜ ደም

ሰውየው በጤናው ይኩራራ ነበር። የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት ነው። ሠራተኞቹ ከኋላው «ብረቱ» ይሉታል፤ እሱም ሰምቶ ደስ አለው እንጂ አልተቀየመም። ሐኪም ቤት ተሰልፎ መጠበቅ ይንቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከግል ላብራቶሪ ደም ቀጂ ቤቱ ድረስ ያስመጣና ስኳሩን፣ ስቡን፣ ጉበቱን፣ ኩላሊቱን ያስመረምራል። ውጤቱን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራል። ሌላው በልጁ ሲኩራራ እሱ በኩላሊቱ ይኩራራል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የምትመጣው አዲስ ልጅ ናት። ወሬ አታበዛም፣ እጇም ቀላል ነው። ላስቲኩ ቆዳ ይቆነጥጣል ብላ ክንዱን በአሮጌ ጨርቅ ታስረዋለች። መርፌዋ ሲገባ አይሰማውም። ስለዚህ ወደዳት፤ ሌላ ሰው እንዳይልኩበትም ለላብራቶሪው ደውሎ አስጠነቀቀ።

ከዚያ ብረቱ መዛል ጀመረ። ደረጃ ሲወጣ ልቡ ይደልቃል። ሲነሳ ዓይኑ ይጨልማል። ከንፈሩ ገረጣ።

ሚስቱን ለመጠርጠር ጊዜ አልፈጀበትም። የአባቷን ቤት ሳያማክራት ሸጦ አዲስ መጋዝ ገዝቶበታል። ያን ጊዜ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምግቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዝም ብላ ትሄዳለች። የምትጮህ ሚስት ምን ታደርጋለች? የሚያስፈራው ዝም ያለችው ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለ ለራሱ፣ ሾርባውን በማንኪያ እያገላበጠ።

ቅዳሜ ሲደርስ በሩን ዘግቶ ልጅቷን ጠየቃት።

«መርዝ ደም ውስጥ ይታያል?»

«ይታያል፣ ጋሼ። ግን የመርዝ ምርመራ ብዙ ደም ይፈልጋል።»

«ቅጂያ!»

«ቶሎ ቶሎ መምጣትም ይኖርብኛል።»

«ቅጂ አልኩሽ እኮ!»

ከዚያ ወዲያ ረቡዕም ትመጣ ጀመር። ትንንሾቹ ብልቃጦች ቀሩና በምትካቸው የደም ከረጢት ይዛ መጣች። ውጤቱንም ራሷ ታነብለታለች።

«ስኳር ደህና። ጉበት ደህና። ኩላሊት ደህና። መርዙ ገና አልተገኘም።»

«ገና» የምትለዋን ቃል ወደዳት። አልጋው ላይ ተጋድሞ የሚስቱን መዋረድ ያልማል፦ ፖሊስ በር ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ። ሐኪም ቤት መሄድ አላማረውም። ሐኪም አልጋ ያስይዘዋል፣ እሷም ነቅታ እጇን ትሰበስባለች። የገዛ ደሙ ይመስክርባት እንጂ ሌላ ምስክር አይፈልግም።

«ፊትህ ወረቀት መሰለ» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን። ከስንት ጊዜ በኋላ የተናገረችው ይህን ነው። «ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«እዚያ አስተኝተሽኝ ቤቱን ልትወርሺ?»

በማግስቱ የጉበት ጥብስና ቀይ ሥር አቀረበችለት። በሚቀጥለውም ቀን ጉበት፤ ከዚያም ምስር በቅጠላ ቅጠል። ከድሮም ጉበት እንደማይወድ ታውቃለች። ታዲያ ምን ልትደብቅበት ነው ይህን ሁሉ የምትደግሰው? እሷ ዞር ስትል ሳህኑን ለውሻው ይገለብጥለታል። ውሻው ወፈረ፣ ጠጉሩም አበራ። ብረቱ ይህንንም አላጣውም፤ «ውሻ መርዝ ይችላል» ብሎ አለፈው።

ጉልበቱ ከዳውና ሥራ መሄድ ተወ። ተኝቶ ጠላቶቹን መቁጠር ያዘ። ፍርድ ሲያዛባ ኖሮ አሁን ለፍትሕ ተቆረቆረ። አንድ እንጨት ሰንጣቂ ሠራተኛው ትዝ አለው፤ የቆየ ነገር ነው። መጋዙ የእጁን አንጓ ሲበላው «በመኪና አድርሱኝ» ብሎ ለምኖ ነበር። መኪናው ደግሞ በዚያው ሰሞን ወንበሩ ተቀይሮለት ነበር። «ትንሽ ደም ነው፤ ይተካል» ብሎ በእግሩ ሰደደው። ለአባቷ ምሳ ይዛ የመጣች የሰንጣቂው ትንሽ ልጅ ሻርፗን አውልቃ እጁን አሰረችለትና ደግፋው ወጣች። ክሊኒክ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ።

የሞተ ሰው ግን ምግብ ውስጥ መርዝ አይጨምርም። ብረቱ ሰንጣቂውን ተወውና ወደ ሚስቱ ተመለሰ።

«የሷን ምግብ ይበላሉ እንዴ?» አለችው ደም ቀጂዋ።

«ከተውኩት ቆየሁ።»

«ጥሩ አድርገዋል። ቤት ውስጥ እስካለች ግን...»

ነገሩን አልጨረሰችውም፤ እሱ ጨረሰው። እሑድ ጠዋት ወንድሞቿ ባሉበት፣ ጎረቤት እየሰማ «ገዳይ!» ብሎ አስወጣት። ግድግዳ ተደግፎ ነው የጮኸው፤ ቢሆንም ያለመውን ያህል ጣፈጠው። እሷ ደጃፉ ላይ ቆም ብላ ወደ ኋላ ዞረች።

«ምድጃው ላይ ጉበት አለ። እባክህ እሱን እንኳ ብላ።»

እየተንፏቀቀ ሄዶ ድስቱን ለውሻው ደፋለት። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ሚስቱ ሄደች፤ ድካሙ ግን አልሄደም። ልጅቷ በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ በሰጣት ቁልፍ ከፍታ ስትገባ ቀና ማለት እንኳ አቅቶት ነበር።

«ገዳዬን እኮ አባረርኩ» አላት በቀጭን ድምፅ። «ለምን አልበረታሁም?»

«እጅዎ ቀዘቀዘ እንዴ? ይዘርጉልኝ፣ ጋሼ። የዛሬው የመጨረሻ ነው።»

በጨርቋ ክንዱን አሰረችው። ቋጠሮው ጋ፣ ስንት ጊዜ ታጥቦ ያልለቀቀ ቡናማ እድፍ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ከረጢቱ ሞላ። ልጅቷ አንስታ ወደ ጎን አኖረችውና ከቦርሳዋ ሌላ ባዶ አወጣች።

«ልጄ» አለ ብረቱ፣ «አልበዛም?»

«ትንሽ ደም ነው» አለችው፣ ቋጠሮውን እያጠበቀች። «ይተካል።»