ጀልባዋ ላይ የተጻፈችው ሴት

በርዲ ያቺን ሴት በዐይኗ አይታት አታውቅም፤ ስሟን ግን አምርራ ጠልታዋለች። በሞተር ጀልባዋ ኋላ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ጎላ ተደርጎ ተጽፏል፦ «ሮዌና»።

ከግላድስተን ወደብ ተነሥተው የባሕሩን ዳርቻ እየተከተሉ ወደ ሰሜን ይወጣሉ፤ ሁለቱ ብቻ፣ እሷና ባሏ ክሌም። ጠዋት ጠዋት ክሌም ሬዲዮኑን ያነሣና ወዴት እንደሚሄዱ፣ ስንት ሰው እንደተሳፈረ ለኖላ ይነግራታል። ኖላ ከወደብ ሆና ጀልባዎችን የምትጠብቅ በጎ ፈቃደኛ ናት። «ሮዌና፣ ሮዌና!» ብላ ጀልባዋን ትጠራለች በዚያ በደስተኛ ድምጿ። ይሄኔ የበርዲ ደም ይፈላል።

ጣውንት እኮ በአካል ብትመጣ ይሻል ነበር። ትሰዳደባላችሁ፣ ፀጉር ትጓተታላችሁ፣ ይወጣላችኋል። ይቺ የቀድሞ ሚስቱ ግን በየጥጉ አለች። ባርኔጣዋ መሪው አጠገብ፣ የዝናብ ልብሷ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ዝናቡ ሲመጣ በርዲ እያማረረች ለበሰችው። ልክክ አለባት።

«ለካ ልኬን አይተህ ነው ያገባኸኝ» አለችው። «የእመቤቲቱ ልብስ እንዳይባክን!»

ክሌም ሊስቅ ሞከረና ተወው።

ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ደሴት ጥግ መልሕቅ ሊጥሉ ገቡ። በርዲ ከፊት ቆማ በእጇ ምልክት ትሰጠዋለች።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ በል! ከሥር ቋጥኝ አለ!»

ከላይ ምንም አይታይም ነበር፤ እንዴት እንዳወቀችው ለራሷም ገረማት። ዞር ብላ ስታየው ክሌም ፊቱን በክንዱ ይጠርጋል። ባሕሩ የረጨው መሰላት።

ሻይ ላይ ግን አልቻለችም።

«ሙት ወቃሽ አልሁን እንጂ፣ ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትለቀን?»

«አልሞተችም» አለ ክሌም።

ኩባያዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ፈታሃት?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ትወዳታለህ?»

ክሌም ሽማግሌ ነው፤ መዋሸት አይችልበትም። «አንድ ቀን እንኳ አቋርጬ አላውቅም።»

«እና እኔ ምንህ ነኝ? እኮ ምንህ ነኝ?» ብላ አለቀሰች። «ወይ እሷን ፋቅልኝ፣ ወይ እኔን እዚሁ ደሴት ላይ አውርደኝ። ምረጥ!»

«አንቺን ነዋ» አለ። «ሁልጊዜም አንቺን።»

ቀለምና ብሩሹን ይዞ በትንሿ የጎማ ጀልባ ስሙ ወደተጻፈበት ወደ ኋላ ዞረ። አጠገባቸው መልሕቅ የጣለ ዓሣ አጥማጅ አየውና ጮኸበት።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል እንዴ? የጀልባ ስም መለወጥ ገደ ቢስ ያደርጋል!»

«ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣብኛል» አለ ክሌም።

በርዲ ከላይ ሆና ታየዋለች። እያንዳንዷን ፊደል ከመቀባቱ በፊት በመዳፉ ይዳብሳታል። አንጀቷን በላው፤ ቢሆንም ተወው አላለችውም።

«በርዲ ብለህ ጻፍበት» አለችው። «አባቴ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው።»

«አውቃለሁ» አለና ጻፈው።

በማግሥቱ ቀለል ብሏት ነቃች። ብርድ ብጤ ስለነበር ያንኑ የዝናብ ልብስ ደርባ እንቁላል ልትጠብስ ተነሣች። እንዲያውም ታንጎራጉር ነበር። ክሌም ጀርባውን ሰጥቷት ሬዲዮኑን አነሣ።

«ኖላ፣ ከዛሬ ጀምሮ የጀልባችን ስም በርዲ ነው። ሁለት ሰው ተሳፍሯል።»

በርዲ መጥበሻውን ይዛ ጆሮዋን ቀሰረች፤ ያ ስም ዳግመኛ እንዳይነሣ።

«እሺ ክሌም» አለች ኖላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሮዌናስ እንዴት አደረች? ዛሬም ስሟን ረሳችው?»