ጌሙ አልቋል

ቤተልና ኦይታ የኮምፒውተር ጌሙን አብረው ነበር መሥራት የጀመሩት። ኦይታ ከሞተ ወር አለፈው፤ እሷ ግን ትውልድ መንደሩ ላንቴ ድረስ ሄዳ እናቱን አላስተዛዘነችም። ጌሙን ነገ በራሷ ስም ብቻ ለውድድር ታስገባዋለች።

"ላንቴ እኮ ባሕር ማዶ አይደለም" አለች ሲቀላ ሰፈር ቤት አብራት የተከራየችው ጽጌሬዳ። "እናቱ ዛሬም ስላንቺ ጠየቁኝ።"

"ጌሙን ልጨርስና እሄዳለሁ።"

ጽጌሬዳ በሩን ዘግታባት ወጣች።

ቤተል የጌም መሥሪያውን ሶፍትዌር ከኤአይ ረዳት ጋር አገናኝታዋለች፤ የጻፈችለትን ሁሉ ራሱ ይሠራል። "ጌሙ ውስጥ ኦይታ የሠራውን ቤት ከነሙዙ አጥፋው" ብላ ጻፈች።

"አልቻልኩም" ሲል መለሰ ረዳቱ። "ኦይታ አሁን እየሠራበት ነው።"

የኦይታ አካውንት ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆናል ብላ ዘጋችው። ሙዙ ግን ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ መብቀሉን ቀጠለ። ከዚያ ቤቱ ደጅ ላይ የለቅሶ ድንኳን ተተከለ፤ ሰዎችም እየመጡ ተቀመጡ።

"ድንኳኑን ማን አዘዘህ?" ብላ ጻፈች።

"ኦይታ ነው። 'ጌሙን ጨርሼላታለሁ፤ አሁን ትሂድ' በላት ብሎኛል።"