ማርያም የሳመችው ጉንጭ

አባትየው ከሴት ልጁ ሥራ ፊት ሲደርስ እጁ ሳይታወቀው ወደ ግራ ጉንጩ ሄደ። ተማሪዎቹ ጣውላ ቀርጸውና ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ያተሟቸው ሥዕሎች በመስታወት ተሸፍነው የክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ልጅቷ የቀረጸችው ባለፈው ክረምት የቀበሯትን እናቷን ነበር። ዓይኑም አገጩም ቁርጥ እሷ ነው። ማርያም የሳመቻት ቦታ ግን ከግራ ጉንጯ ወደ ቀኝ ዞሯል።

መምህሩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል። ገልብጣችሁ ቅረጹ ብያቸው ነበር፤ እሷ ረሳችው መሰለኝ።»

«አልረሳሁም» አለች ልጅቷ፣ ከአባቷ ፊት እንደቆመች ዓይኗን ከሥዕሉ ሳትነቅል። «እማዬ ጠዋት ጠዋት ጸጉሬን ስትሠራኝ ከኋላዬ ነበር የምትቆመው። እኔ የማያት በመስታወት ነው።»

አባትየው ቁልቁል አያት። ዛሬ ጠዋት እየተጣደፈ የጎነጎነላት ጸጉር ባንድ ወገን ተፈትቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ሰው ምን ይለኛል ሳይል ከኋላዋ ጎንበስ አለና ቀስ ብሎ ከሥሩ ይጎነጉነው ጀመር። ልጅቷ አልዞረችም። በእናቷ ሥዕል መስታወት ላይ ፊቱን ታየው ነበር።