የማክሰኞ ስልክ

የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዋ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ለሪል እስቴቱ ባለቤት ትደውልለታለች፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ቢሮው ድረስ ሄዳ ከተማው ስሙን እንዴት በደግ እንደሚያነሳው ታጫውተዋለች። እሱም "እንዲህ ያለች ሰው ከየት ትገኛለች!" እያለ ለወዳጆቹ ይኩራራባታል።

መጀመሪያ ሰሞን ግን እውነቱን ነግራው ነበር። "ጋሼ፣ በቴሌቪዥን ፊት ቁልፍ ያስረከቧቸው ሰዎች ቤቱስ የት አለ እያሉ ነው" ብትለው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ "ደስ የሚለኝን ብቻ አምጪ! ለቅሶውን እቤትሽ!" ብሎ አምባረቀባት። ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲህ ክፉ ወሬ ጆሮው ደርሶ አያውቅም።

ዛሬ የኩባንያው በዓል በቀጥታ ይተላለፋል። እንግዶቹን የጠራችው እሷ ናት።

"ሰው መጣ?" አላት ከመጋረጃው ጀርባ ክራቫቱን እያስተካከለ።

"መቆሚያ የለም፣ ጋሼ።"

እየሳቀ መድረክ ላይ ወጣ። ያጨበጨበለት የለም፤ ከፊት እስከ ኋላ ሁሉም ቤት የሌለውን ቁልፉን ከፍ አድርጎ ያቃጭላል። ማክሰኞ ማክሰኞ ለእነሱም ስትደውል ነበር የከረመችው።

ዘወር ብሎ ቢያይ፣ እሷም ከቦርሳዋ ቁልፍ አውጥታለች፤ ከእሱ እጅ ተረክባ በኪራይ ቤት የሞተችው እናቷ ያወረሰቻትን።